ዓይንና ፊደል

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት የቀኑን ሂሳብ ስዘጋ ሳጥኔ 2,700 ብር ጎደለ። በባንክ ቤት የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ጉድለቱ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአኃዝ መገላበጥ ነው። 2,700 ለዘጠኝ ሲካፈል 300 ይሆናል። እንደ ጠረጠርኩትም ከሰዓት በኋላ 8,500 ብር ከፍዬ ኮምፒዩተሩ ላይ 5,800 ብዬ አስገብቼ ኖሯል። ስሕተቱ በዚያው ምሽት ተገኝቶ ተስተካከለ፤ የተጎዳም ሰው የለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የወጪ ማዘዣውን አንሥቼ በጉልህ የተጻፈውን 8,500 ደግሜ ስመለከተው፣ የአኃዞቹ ጠርዝ ገና እንዳልደረቀ ቀለም ፈሶ ታየኝ።

በሳምንቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ በመሣሪያቸው ብዙ ከመረመሩኝ በኋላ፣ «ዓይንዎ ጤነኛ ነው፤ ግን ደርቋል» አሉኝ። ቀጥለውም በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን እንደማይ ጠየቁኝ። ስምንት ሰዓት ለማለት አፌን ከፈትኩና ቆም አልኩ። ስምንቱ የባንኩ ነው። ማታ በስልኬ የማነበው ግጥም፣ ሌሊት የምጽፈውና የምሰርዘው፣ አውቶቡስ ስጠብቅ የማገላብጠው ሁሉ ሲደመር ከአሥራ አንድ አላነሰም። ሂሳብ ለሚሠራ ሰው ይህን ድምር እስከዚያ ቀን አለማወቅ ያሳፍራል።

ይህ ጽሑፍ የሕክምና ምክር አይደለም፤ ለዚያ ሐኪሞች አሉ። ነገሩ ግን ወደ ታሪክ መራኝ። ፊደል ከተቀረጸ ጀምሮ ዓይን ለፊደል ሲከፍል የኖረው ዋጋ ስንት ነው? የእኛ ዘመን ስክሪን አዲስ ዕዳ ጨመረ ወይስ የድሮውን አሳደገው?

ፍለጋዬን ስጀምር አስቀድሞ ያገኘሁት ዘመዴ የሆነ ያህል የወደድኩትን አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። በርናርዲኖ ራማዚኒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1700 ሞዴና ከተማ ላይ ስለ ሠራተኞች ደዌ የሚናገር መጽሐፍ በላቲን አሳተመ፤ በሽተኛን ስለ ሕመሙ ሲጠይቁ ሥራው ምን እንደሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ያስተማረው እርሱ ነው። በ1713 መጽሐፉን አስፍቶ ሲያወጣ ስለ ጸሐፊዎችና ስለ መዝገብ ያዦች አንድ ምዕራፍ ጨመረበት። የእነዚህን ሰዎች ሕመም ሦስት ነገሮች ያመጡታል ይላል፦ ዘወትር መቀመጥ፣ እጅን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ፣ ሦስተኛውም ሲደምሩና ሲቀንሱ ተሳስተው በጌታቸው ላይ ኪሳራ እንዳያደርሱ ልባቸውን የሚወጥረው ሥጋት። ይህን ሳነብ 2,700 ብሬን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው የእኔን መስኮት ቁልጭ አድርጎ አይቶታል።

ራማዚኒ ጥቃቅን ሥራ ስለሚሠሩ ሰዎችም፣ ስለ ሰዓት ሠሪና መሰሎቻቸው፣ ለብቻው ጽፏል። ዓይናቸው ከእጃቸው ሥራ ሳይነሣ ስለሚውል ዕይታቸው ይደክማል፤ ስለዚህ በየጊዜው ሥራቸውን ትተው ዓይናቸውን ወደ ሌላ፣ ወደ ሩቅ ነገር ይመልሱ ሲል ይመክራል። ዛሬ የዓይን ሐኪሞች በየሃያ ደቂቃው፣ ለሃያ ሰከንድ፣ ስድስት ሜትር ያህል ወደ ራቀ ነገር ተመልከቱ ይሉናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰዓት መቁጠሩ ብቻ ነው።

እኔ ግን ይህን ምክር ራማዚኒንም ሐኪሟንም ከማወቄ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። የእናቴ አጎት ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ቤታቸው ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን፣ ጮቄ ፊት ለፊት ከሚታይበት አንድ ቀበሌ ነበር። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን እነሱ ዘንድ እከርም ነበርና፣ ፀሐይ በወጣች ቀን ሁሉ ደጃፋቸው ላይ ከዝቅተኛ በርጩማቸው ተቀምጠው ሲጽፉ እመለከታቸዋለሁ። ጠረጴዛ የላቸውም፤ ብራናው ጉልበታቸው ላይ ነው። የጥቁሩና የቀዩ ቀለም ቀንዶች መሬቱ ላይ ተተክለዋል፤ የመቃው ብዕር ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ነው። መስመሩ በወስፌ ተወግቶ አስቀድሞ ተሰምሯል። አንድ ገጽ ሲሞላ ቀለሙ እስኪደርቅ መገልበጥ አይቻልም። ያን ጊዜ ብዕራቸውን አኑረው ራሳቸውን ቀና ያደርጉና ጮቄን ይመለከታሉ። «አባ፣ ምን ያያሉ?» ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «ቀለሙ ይድረቅ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ሥራው ራሱ ለዓይን ዕረፍት ይሰጥ ነበር። ጸሐፊው ቢቸኩል እንኳ ቀለሙ አይቸኩልለትም። ዛሬ እኔ ፊት ያለው ገጽ አይሞላም፣ አይገለበጥም፣ የሚደርቅ ቀለምም የለው። የሚደርቀው ዓይኔ ሆነ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ልጨምር። የዓይናችን ፊት በቀጭን የእንባ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ሽፋኑን የሚያድሰው የዓይን ቆብ ነው፤ ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ይለቀልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ጹቦታና ናካሞሪ፣ የቢሮ ሠራተኞችን ርግብግቢት ቆጥረው በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ሰዎቹ ዘና ብለው ሲቀመጡ በአማካይ በደቂቃ 22 ጊዜ ያርገበግባሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ሲያነቡ 10 ጊዜ፤ የኮምፒዩተር ስክሪን ሲያነቡ 7 ጊዜ። ልብ በሉ፤ መጽሐፉም ቢሆን ከግማሽ በላይ ቀንሶታል። ስክሪኑ የባሰበት አንዱ ምክንያት ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው፤ ቀና ብሎ የሚያይ ዓይን ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ እንባውም ቶሎ ይተናል። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ታች የሚያዩት ሽማግሌ በዚህም በኩል ከእኔ ይሻሉ ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ወዳድ ሰው ስለ ዓይን ሲነሣ ሚልተንን ማስታወሱ አይቀርም። እንግሊዛዊው ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1652 ፈጽሞ ታወረ፤ በ1667 የታተመውን ታላቁን የገነት መጥፋት ግጥሙን የጻፈው እየተናገረ በሌሎች እጅ ነው። እርሱ ራሱ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በፊት ከንባብ እንዳልተነሣ ጽፎ፣ የዓይኑ ጥፋት መነሻ ያ መሆኑን ያምን ነበር። የዛሬ ሐኪሞች ግን ይህን አይቀበሉትም፤ ብዙ በማንበብ ብቻ የሚታወር ሰው የለም፤ ስለ ሚልተን ትክክለኛ ሕመም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አርጀንቲናዊው ቦርኼስም እ.ኤ.አ. በ1955 የአገሩ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዋና ሹም ሲሆን የዓይኑ ብርሃን ማንበብ ከማይችልበት ደርሶ ነበር፤ የእርሱ ግን ከአባቱ የወረሰው ነው። እኛ አንባቢዎች መታወርን የንባብ ሰማዕትነት አድርገን ማየት እንወዳለን። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እውነት ግን አይደለም።

እውነት የሆነው ከዚያ ያነሰና የተስፋፋ ነገር ነው፦ ሩቅ ማየት አለመቻል። እ.ኤ.አ. በ1813 ጄምስ ዌር የተባለ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ሁለት ዓይነት ሰዎችን አነጻጸረ። ወደ አሥር ሺህ ከሚጠጉት የንጉሡ እግረኛ ዘቦች መካከል በዚህ ችግር የሚታወቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በኦክስፎርድ ከአንድ ኮሌጅ 127 ተማሪዎች ግን 32ቱ መነጽር ወይም የእጅ መስተዋት ይይዛሉ። አሠራሩ በዛሬ መለኪያ ልቅ ነው፤ ጥያቄው ግን ተጠየቀ። ዘበኛው ሜዳ ላይ ይውላል፤ ተማሪው ክፍል ውስጥ።

ጥያቄውን በሥርዓት የያዘው ኸርማን ኮን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው። በተወለደበት በብረስላው ከተማ፣ ዛሬ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ በሆነችው፣ 10,060 ተማሪዎችን መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1867 አሳተመ። አሥር ሺህ ሕፃናትን በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ መመርመር በዚያ ዘመን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። ያገኘው ውጤት ደረጃ በደረጃ እንደሚወጣ መሰላል ነው፦ በገጠር ትምህርት ቤቶች ሩቅ ማየት የማይችለው 1.4 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በከተማ ትምህርት ቤቶች ይበዛል፣ ላቲንና ግሪክ በሚጠናባቸው ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች 26.2 በመቶ ይደርሳል። ኮን ጥፋተኛውን ፈለገ፤ ያገኘውም ተማሪውን የሚያጎብጠውን ዴስክ፣ ጥቃቅኑን የኅትመት ፊደልና የክፍሎቹን ጨለማ ነው። ቀሪ ዕድሜውን ለመስኮትና ለብርሃን ሲሟገት ኖረ። ዴስኩን በመክሰሱ ሳይሳሳት አልቀረም፤ ስለ ብርሃን ግን ወደ እውነቱ ከማንም ቀድሞ ተጠግቶ ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በመካከሉ የስክሪን ዘመን መጣ፤ ፍርሃቱም አብሮ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በአዲሶቹ ስክሪኖች ፊት የሚሠሩ ሁለት ወጣት አራሚዎች ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። የጋዜጠኞች ማኅበራቸው ጥፋቱ የስክሪኑ ጨረር ነው ብሎ ተሟገተ፤ መሥሪያ ቤቶች ተለኩ፣ ጨረር ተመዘነ። በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጣው ዘገባ ስክሪን የዓይን ሞራ ያመጣል ለማለት ማስረጃ እንደሌለ ገለጸ። ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚገባው የዘገባው ሌላው ወገን ነበር፦ ሠራተኞቹ የሚያማርሩበት ድካም የሚመጣው ከመብራቱ ነጸብራቅ፣ ከስክሪኑ አቀማመጥና ዕረፍት ከሌለው የሥራ ሥርዓት ነው። ሕዝቡ ጨረርን ፈራ፤ ጎጂው ግን የሥራው ሰዓት ነበር። በ1990 የአውሮፓ ማኅበረሰብ በስክሪን ለሚሠሩ ሰዎች የዓይን ምርመራና የዕረፍት ጊዜ እንዲሰጥ መመሪያ ሲያወጣ ነገሩን በትክክለኛው እጀታ ይዞታል።

የዛሬው ጨረር ደግሞ ሰማያዊው ብርሃን ነው። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስመለስ ወዳጆቼ ሁሉ ሰማያዊ ብርሃን የሚያስቀር መነጽር እንድገዛ መከሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 የኮክሬን ተመራማሪዎች እስከዚያ የተደረጉትን ሙከራዎች ሰብስበው ሲመዝኑ፣ እንዲህ ያለው መነጽር የስክሪን ድካምን በአጭር ጊዜ ከተራ መነጽር የተሻለ እንደማይቀንስ ተገነዘቡ። ገንዘቤን አስቀረሁ፤ ይህም የባንክ ሠራተኛ ጠባይ ነው።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዓይን ስክሪን ላይ የሚከፍለው ዋጋ ለሁሉም ቋንቋ እኩል አይደለም። የግዕዝ ፊደል ከዘር ዘሩ የሚለየው በአንዲት ጭረት ነው፤ ቡን ከቢ የሚለየው ጭረቷ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ መሆኗ ብቻ ነው። ብራና ላይ ጭረቷ ወፍራም የመቃ ብዕር ምት ናት፤ በድሮ ስክሪን ላይ ግን አንዲት ነጥብ ነበረች። ያኔ አማርኛ በኮምፒዩተር ያነበበ ሰው አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ አስደግፎ ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ እየገመተ ነው ያነበበው። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ የራሱን ቁጥር ለፊደላችን ይሰጥ ስለነበር የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር፤ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ3.0 እትሙ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ የስልኮች ስክሪን ጥራት ከወረቀት አይተናነስም፤ የጭረቷ ችግር ተቃሏል። ነገር ግን ስልኩን ሲቀርብ ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ላይ እንይዘዋለን፤ የዓይን ጡንቻ ለቅርብ ነገር ተጨምድዶ እንደ ያዘ ሰዓታት ይቆያል። ማታ ቀና ስንል ሩቁ የሚደበዝዘው ጡንቻው ቶሎ ስለማይላቀቅ ነው።

ለአዋቂ ሰው ይህ ድካም ነው፤ ሲያርፍ ይለቀዋል። የልጅ ዓይን ግን ገና እያደገ ያለ አካል ነው፤ ከመጠን በላይ ከረዘመ ሩቁን አያይም፤ የረዘመ ዓይን ተመልሶ አያጥርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አካሄዱ ካልተለወጠ በ2050 ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚሆነው ሩቅ ማየት የማይችል ይሆናል ሲል ገምቷል። መድኃኒቱን ፍለጋ የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ ወደ ኮን መስኮት ይመልሱናል። በቻይና ጓንግዦ ከተማ በ12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ገሚሶቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን በየቀኑ ለ40 ደቂቃ ተጨማሪ ወደ ደጅ አወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደጅ ከወጡት 30.4 በመቶ፣ ካልወጡት 39.5 በመቶ ሩቅ የማየት ችግር ጀምሯቸው ተገኘ። ታይዋን ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎቿ በቀን ሁለት ሰዓት ደጅ እንዲውሉ አድርጋለች። ተመራማሪዎቹ ከሁሉ ይበልጥ የሚያምኑበት ምክንያት የቀን ብርሃን ዓይን ውስጥ የሚያስነሣው ዶፓሚን የዓይኑን መርዘም ይገታል የሚለው ነው።

ይህን ሳነብ በልቤ የመጡት የቅኔ ተማሪዎች ናቸው። የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ የሚቆጥረው ከጎጆው ወጥቶ ነው፤ ጫካ ገብቶ፣ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ። በእጁ መጽሐፍ የለም፤ ዓይኑ ሰማይና ገደል ላይ ነው፤ ቃሉ በልቡ ይመላለሳል። የእኛ ዘመን ገጣሚ ደግሞ (እኔን ማለቴ ነው) አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ መብራት አጥፍቶ፣ በአውራ ጣቱ ይጽፋል። የትኛው የተሻለ ግጥም እንደሚጽፍ አልከራከርም፤ ክርክሩ እኔን አይጠቅመኝም።

የአገራችንን የዓይን ታሪክ ግን በስክሪን ብቻ መለካት ግፍ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው በቀዶ ሕክምና የሚነሣው የዓይን ሞራ እንደሆነ፣ ከአሥር ከአንድ በላይ የሚሆነውን ደግሞ ትራኮማ እንዳሳወረው አሳይቷል። በአንድ አገር ውስጥ አንዷ እናት የፊት መታጠቢያ ውኃ አጥታ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይኗን ሲቧጥጣት፣ እኔ የዓይን ጠብታዬን በኪሴ ይዤ ስለ ድርቀት አወራለሁ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ጽሑፉ ሐሰት ይሆን ነበር።

መነጽርም እንዲሁ ነው። ለቅርብ ማያ የሚሆን መነጽር የተፈለሰፈው በጣሊያን፣ በ1286 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ጆርዳኖ የተባለ የፒሳ መነኩሴ በ1306 ፍሎረንስ ላይ ሲሰብክ ይህ ጥበብ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። የሰው ዓይን አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ የቅርቡን ማየት ይሳነዋል፤ ሌንሱ ስለሚደርቅ ነው። መነጽር ለሌለው ጸሐፊ የዕውቀቱ ጫፍ ላይ በደረሰበት ዕድሜ ብዕሩ ከእጁ ይወድቃል። ጣሊያናዊው ጸሐፊ ከዚህ በ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ዳነ። የእናቴ አጎት የዳኑት በ1960ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖር ልጃቸው ከመርካቶ ገዝቶ በወሰደላቸው መነጽር ነው።

የጻፉት ዳዊት ዛሬ እናቴ ዘንድ ነው። ባለፈው በዓል አውርጄ ዓይኔ እስኪደክም አየሁት። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ መስመሩ 22 ነው፤ ፊደሉ ደቃቅና ቀጥ ያለ። ወደ መቶኛው መዝሙር ስደርስ 20 ሆነ። ጸሎተ ነቢያት ላይ 17 ነው፤ የወስፌው ነጥቦች ተራርቀዋል፣ ፊደሉ ጎልቷል፣ አንዳንዱ ጭረት ከመስመሩ ወጥቷል። እኛ በሁለት ጣት ስክሪኑን ዘርግተን የምናደርገውን እርሳቸው በወስፌ አድርገውታል። ከዚያ ጽሕፈቱ ይቆማል፤ ሁለት ባዶ ቅጠል አለ። እናቴ እንደምትለው አምስት ዓመት ሙሉ አልጻፉም። ከባዶዎቹ ቅጠሎች በኋላ ውዳሴ ማርያም ይጀምራል። ቆጠርኩት፤ 22 መስመር ነው።